ቀን የተቆረጠለት ፈተና

በሀገራችን ተማሪ ለፈተና ብሎ ሌሊቱን ማንጋት የጀመረው መቼ ነው የሚለኝ ቢኖር፣ ፈተናው ቀን ከተቆረጠለት ጊዜ ጀምሮ ነው እለዋለሁ። ዕድሜዬን ደጀን ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰኔ በመጣ ቁጥር ተማሪዎቼ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ከንፈራቸው ደርቆ ሲያዛጉ አይ ነበር፤ ይህ ልማድ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ከልቤ ጠፍቶ አያውቅም።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ቅኔ የቆጠሩት ዲማ ጊዮርጊስ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ነው። አባቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ረኃቡን አይደብቁም። ጠዋት አኩፋዳቸውን አንግተው፣ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዘው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። ያገኙትን ቁራሽ ጎጆአቸው ውስጥ ያደርቁታል፤ ያ ኮቸሮ የሳምንት ቀለባቸው ነው። ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ቁጥቋጦ መሐል ገብቶ ቅኔውን ያወጣል ያወርዳል። ሲመሽ ወደ የኔታ ይቀርባል፤ የኔታ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ የተበላሸውን ያፈርሳሉ። ሌሊትም ቢሆን ያለ መብራት የሚቀጥል ትምህርት ነበር፤ በቃል የተያዘ ነገር ብርሃን አይፈልግምና። እከኩ፣ ብርዱ፣ ቅማሉ ሌላ ነው። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ለጤና የተመቸ ነበር የሚል ሰው ካለ የቆሎ ተማሪ አላየም።

ነገር ግን አንድ ነገር አልነበረም፤ የፈተና ቀን። አባቴ እኔ ለማትሪክ ስዘጋጅ ሌሊት ኩራዝ ሳላጠፋ ሲያገኙኝ፣ «ልጄ፣ የምትፈተኚው መቼ ነው?» ይሉኛል። ቀኑን እነግራቸዋለሁ። «ከዚያ ቀን በፊት ብታውቂውስ? ከዚያ በኋላ ቢገባሽስ?» ይላሉ። መልስ አልነበረኝም። «የኔታ እኮ ዛሬ ያልሆነልህን ነገ አምጣው ይላሉ እንጂ ወደቅህ አይሉም» ብለው ወደ መኝታቸው ይሄዳሉ። የቅኔ ተማሪ የሚፈተነው በየቀኑ ነው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሸጋገረው መምህሩ በቃህ ሲሉት ነው። አንዱ በሁለት ዓመት፣ ሌላው በአምስት ዓመት ይጨርስ ይሆናል፤ ሁለቱም ባለቅኔ ይባላሉ።

ይህን ስል ያ ትምህርት ቤት ተማሪውን አላስጨነቀውም ማለቴ አይደለም። ቶሎ ለመያዝ፣ ብዙ ለማስታወስ የነበረው ጉጉት እጅግ ብርቱ ስለነበር ተማሪዎች አብሾ እስከ መጠጣት ደርሰዋል። አብሾ አእምሮን ይከፍታል፣ የሰሙትን ሁሉ ያስይዛል ተብሎ የሚታመንበት መድኃኒት ነው፤ የሚዘጋጀውም ከአስተናግር ነው፤ አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። አባቴ አብሾ ጠጥቶ ለቀናት በየዱሩ የባዘነ ባልንጀራ ነበራቸው፤ ስሙን ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጣል። ባዮሎጂ ስማር ይህን ተክል በመጽሐፍ አገኘሁት። በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የዓይን ብሌን ያሰፋሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፣ ልብ ያስሮጣሉ፣ የሌለ ነገር ያሳያሉ። ስኮፖላሚን ከዚህም አልፎ አዲስ ነገር በአእምሮ እንዳይያዝ ያውካል። ለማስታወስ ተብሎ የተጠጣው ነገር የማስታወስ ጠላት ነበር። ይህን ታሪክ ለየዓመቱ ተማሪዎቼ ሳልነግር አላለፍኩም፤ ምክንያቱም የአብሾ ወንድሞች ኋላ ላይ በሌላ ስም ከተማችን ገብተዋል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ቀን የተቆረጠለት ፈተና የመጣው ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጋር ነው። የምኒልክ ትምህርት ቤት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1935 ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጥቂት ቆይቶም ጄኔራል ዊንጌት ተመሠረቱ። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚፈተኑት ከለንደን የሚመጣውን የማትሪኩሌሽን ፈተና ነበር። በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር ሀገራዊው የመልቀቂያ ፈተናም ቦታውን እየያዘ ሄደ። ስሙ ተቀየረ እንጂ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ማትሪክ ነው የሚለው።

የእነዚህን የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ኑሮ ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ኮተቤና ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። አልጋው፣ ምግቡ፣ መብራቱ፣ የታመመ ተማሪ የሚተኛበት ክፍል ሁሉ የትምህርት ቤቱ ነው። ለመብላትም ለማጥናትም ለመተኛትም ደወል አለ። ፈተናው ከባድ ነበር፤ ግን ለፈተናው የሚዘጋጀውን ሥጋ የሚሸከመው ሌላ አካል ነበር። ተማሪው ጥቂት ስለነበረ መንግሥት ይህን ማድረግ ችሏል። ያ ትውልድ በብርታቱ ብቻ አለፈ ሲባል የምቃወመው ለዚህ ነው። ብርታት ነበረው፤ ሦስት ጊዜ የሚቀርብ ማዕድም ነበረው።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቶች ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ተስፋፉ። በ1955 የትምህርት ዘመን የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በመቶዎች ሲመጡ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቁጥር ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ የህንድ መምህራንም በየአውራጃው ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። እኔን ሒሳብ ያስተማሩኝ ህንዳዊት፣ ሳሪ ለብሰው በደብረ ማርቆስ ጭቃ ሲሄዱ ዛሬም ይታዩኛል። ይህ መስፋፋት ለገበሬውም ለመሪጌታውም ልጅ በር ከፍቷል፤ እኔ ራሴ አንዷ ነኝ። ግን አዲሶቹ ትምህርት ቤቶች አዳሪ አልነበሩም። ፈተናው ያው አንድ ፈተና ሆኖ ቀረ፤ አልጋው፣ እራቱና መብራቱ ግን ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ በተማሪውና በቤተሰቡ ላይ ወደቀ። ዛሬ የተማሪ ጤና እያልን የምንጨነቅበት ነገር ሁሉ የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በእኔ ጊዜ መብራት ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ወንዶቹ ማታ ማታ በዋናው መንገድ መብራት ሥር ደብተራቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ አንዳንዱ እየተንጎራደደ ጮክ ብሎ ይሸመድዳል። ሴት ልጅ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ መቆም ስለማይፈቀድላት እኛ ቤት ውስጥ በኩራዝ እናጠና ነበር። ጠዋት አፍንጫችንን ስንጠርግ ጥቀርሻ ይወጣል። ቀን ቀን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አለ፤ የጽድና የወይራ ጥላ ሥር እየተራራቁ ተቀምጠው የሚያጠኑ ተማሪዎች ላየ፣ የአባቴን ቅኔ ቤት ያስታውሰዋል። እንቅልፍ ሲያስቸግር እግርን በቀዝቃዛ ውኃ መንከር የሁሉም መላ ነበር። ሳፋውን ከአልጋ ሥር አድርገው፣ እግራቸውን ነክረው፣ ነጠላ ደርበው የሚያነጉ አሉ። የውኃው ቅዝቃዜ ለጥቂት ደቂቃ ልብን ያነቃቃል፤ ከዚያ ሰውነት ይለምደዋል። ትርፉ ጉንፋን ነው።

በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው ጋር ወደ ገጠር ሲዘምቱ ፈተናውም ትምህርቱም ለብዙዎች ተቋረጠ። እኔ ማስተማር ስጀምር ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጥቶ ነበር፤ ብሔራዊ ውትድርና። ወንዶቹ ተማሪዎቼ ማትሪክ ማለፍ ከአፈሳ ያስጥላል ብለው ያምኑ ነበር። አንድ ልጅ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ መሥራት ሲያቅተው የሚፈራው ኤፍ አልነበረም። አንድ ዓመት ፈተና አዳራሽ ውስጥ እጁ እየተንቀጠቀጠ መልሱን ማጥቆር ያቃተው ተማሪ ነበረኝ፤ ትምህርቱን አሳምሮ ያውቀዋል። እንቅልፍ ካየ ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አያስታውስም።

ደጀን የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከላይ የጤፍ ሀገር ነው፤ ከታች ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ ነው። ከሁለቱም አቅጣጫ የሚመጡ ልጆች ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። ይህ በሁሉም የወረዳ ከተማ ያለ ኑሮ ስለሆነ ማንም ታሪክ ብሎ አልጻፈውም፤ ለእኔ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን ዋናው ታሪክ ይህ ነው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ አንዳንዴ ለሳምንት የሚሆን እንጀራ ነው። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል፤ ሻጋታውን ጠርገው ይበሉታል። የሐሙስና የዓርብ ተማሪዬ የሰኞው ልጅ አልነበረም። ጥያቄ ስጠይቅ የሰኞዎቹ እጆች ሐሙስ አይነሡም። ይህን ለማየት ጥናት አያስፈልግም፤ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ወደ ክፍሉ መመልከት ይበቃል።

ከቆላ የሚመጡት ደግሞ ወባን ይዘው ይመጣሉ። ወባ ከክረምቱ መውጫ በኋላና በግንቦት በሰኔ ትበረታለች፤ ፈተናውም ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ስንቅ ሊያመጣ ዓርብ የወረደ ልጅ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሲንቀጠቀጥ ይገኛል። ጓደኞቹ ትኩሳቱን «የጥናት ብዛት ነው» ይሉታል፤ ጤና ጣቢያ አይሄድም። ሞዴል ፈተና ሊደርስ ሲል ተማሪ ሁሉ ራስ ምታት ስለሚያመው እውነተኛው በሽታ በጭንቀቱ ውስጥ ይደበቃል። ስለዚህ ግንቦት ሲገባ ከክፍል በፊት የምጠይቀው «ባለፉት ሳምንታት ቆላ የወረደ ማነው? የበረደው፣ ያተኮሰው ማነው?» ብዬ ነበር። የመለሱትን ከጓደኛ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ እልክ ነበር። ወላጅ ስብሰባ ላይም ያነሣሁት ይኸንኑ ነው፦ በፈተናው ወር ልጁ ወደ ስንቁ አይውረድ፣ ስንቁ ወደ ልጁ ይውጣ። ብዙ አባቶች ተስማሙ። በገበያ ቀን በአህያ ስንቅ የሚልኩ ነበሩ።

ያለ አከራዮቹ እነዚህ ልጆች አይዘልቁም ነበር። ስለ አንዷ ልናገር፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ዛሬ በሕይወት የሉም። ግቢያቸው ውስጥ ከተከራዩት ተማሪዎች ለአንዱም እናቱ አልነበሩም፤ ግን ሌሊት መብራት ሲበራ ያያሉ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲያልፍ በሩን እያንኳኩ «መምህር እንዲህ አላለችም፤ ተኙ!» ይሏቸዋል፤ መምህር የሚሉት እኔን ነው። ጠዋት ንፍሮ ይቀቅላሉ። ጋዝ ያለቀበትን ያበድራሉ። የፈተና ሰሞን ግቢያቸው ውስጥ ለቅሶ ቤት እንኳ ቢሆን ድምፅ እንዳይበዛ ጎረቤቱን ይለምናሉ። የእሳቸውን ቤት የሚጠይቁኝ ወላጆች ቁጥራቸው ብዙ ነበር።

ሴቶቹ ለብቻቸው ሊነገርላቸው ይገባል። ከዘመድ ቤት ተጠግታ የምትማር ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልጅ ታዝላለች፤ ጥናት የምትጀምረው ሁሉም ሲተኛ ነው። ስለዚህ «ሌሊት አታጥኚ» የሚለው ምክር ለእሷ ምንም አይጠቅምም። የእሷን ሌሊት የሚመልስላት ዘመዷ የቀን ሥራዋን ሲያቀልላት ነው። የወር አበባዋ ሲመጣ ደግሞ ከክፍል ትቀራለች፤ ሞዴስ የሚገዛላት የለም፣ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ የለውም። ለረጅም ጊዜ በትምህርት ቤቱ ካሉት ጥቂት ሴት መምህራን አንዷ ስለነበርኩ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። ከመምህራኑ ትንሽ ገንዘብ አዋጥተን ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ሞዴስና የራስ ምታት ክኒን እናስቀምጥ ጀመር። ቁልፉን ከሴቶቹ ተማሪዎች አንዷ ትይዘዋለች። በፈተናው ቀን ያቺ ቁልፍ ያዥ የምትቀመጠው በር አጠገብ ነው።

አብሾ በሌላ ስም መጣ ያልኩት ጫትን ነው። እኔ ማስተማር ስጀምር ደጀን ላይ ተማሪ ጫት ሲቅም አላየሁም። በኋለኞቹ ዓመታት ግን ከባሕር ዳር መንገድ የሚመጣው ጫት በየሱቁ ተሸጠ፤ ለፈተና «ያነቃል» ተባለ። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ በእውነት ያነቃል፤ ረኃብንም ያስረሳል። ሐሙስ ስንቁ ላለቀ ልጅ ይህ ትልቅ ፈተና ነው። ከምርቃናው በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ድብርት ይጫናል፣ ያጠናው ነገር ጠዋት ሲፈለግ የለም። ቡናውም ቢሆን ከአሥር ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግማሽ ኃይሉ እስከ ምሽቱ ሦስትና አራት ሰዓት ድረስ በደም ውስጥ ይቆያል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ነገር ይህ ነበር፦ ቀን የተማርነው ነገር የሚደላደለው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። አእምሮ ተኝተን ሳለ ቀን የያዘውን ደግሞ ደጋግሞ ያነሣዋል። ሌሊቱን ያነጋ ተማሪ ዘሩን በትኖ አፈር ሳያለብሰው ወደ ቤቱ እንደገባ ገበሬ ነው። ይህን የሚሰሙኝ የገበሬ ልጆች ስለነበሩ ገብቷቸዋል።

በ1993 ፈተናው አሥረኛ ክፍል ላይ ሲወርድ ጭንቀቱ ወደ ለጋ ዕድሜ ወረደ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መሰናዶ ይግባ ወይስ ይቅር በዚያ ፈተና ይወሰን ነበር። በ1997 በቴሌቪዥን የሚሰጠው የፕላዝማ ትምህርት ሲመጣ ደግሞ መምህር የተማሪውን ዓይን አይቶ የሚያቆምበት ዕድል ጠበበ፤ ቴሌቪዥኑ አይጠብቅም። ሐሙስ ዕለት ለደከመ ልጅ ትምህርቱን ቀስ አድርጌ መድገም የምችልበት አቅም ነበረኝ፤ ያን ጊዜ ግን ያጣሁት እሱን ነው። የአሥረኛው ፈተና በኋላ ቀርቷል፤ ደግ ተደረገ።

ከዚያ 2008 መጣ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ሊፈተኑ በተቀመጡበት ዕለት ተሰረዘ፤ ተማሪው እንደገና ከአንድ ወር በላይ ጠብቆ ተፈተነ። ለዚያ ቀን ብለው እንቅልፋቸውን፣ ምግባቸውን ሁሉ የሰጡ ልጆች የመጣውን ሌላ ቀን በባዶ ሰውነት ተቀበሉት። ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ውስጥ ሆነ፤ ኩረጃውን ለመግታት። በመጀመሪያው ዙር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ 3.2፣ ከዚያ 5.4። ብዙ ሰው ተማሪዎቹን ሰነፎች አለ። እኔ ቁጥሩን ሳይ የሚታየኝ የሐሙስ ክፍል ነው። ኩረጃው መቆሙ ትክክል ነው፤ ግን ኩረጃ የሸፈነው ረኃብ፣ ጨለማና ባዶ ቤተ መጻሕፍት አብሮ መታየት ነበረበት።

በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ ትምህርት ቤታችን ሁለት ክፍሎችን ማታ ማታ ይከፍት ጀመር። ወላጅ ኮሚቴው የመብራቱንና የዘበኛውን ወጪ ቻለ። ደንቡ እኔ ያረቀቅሁት ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይጠናል፣ በሦስት ሰዓት ክፍሉ ይዘጋል፣ ሴቶቹን ዘበኛውና ሁለት ወንዶች እስከ ደጃቸው ያደርሳሉ። ጮክ ብሎ መሸምደድ የለም። የድሮ ፈተና ጥያቄ ወጥቶ ደብተር ተዘግቶ ይሠራል፤ የተሳሳተው ነገ ተመልሶ ይሠራል። ወደቅህ የሚል የለም። አባቴ በሕይወት ቢኖሩ ይህን የጥናት ክፍል ያውቁት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከዚያ በፊት የትግራይ ልጆች ዓመታት አልፈውባቸዋል። ቀን ተቆርጦለት የነበረው ፈተና ለብዙ ልጆች ቀን የሌለው ሆነ። ሁለት ዓመት ያቋረጠች የጎረቤቴ ልጅ መጥታ «ቲቸር፣ የረሳሁትን ከየት ልጀምረው?» አለችኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ጀመርን፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ እናቷ ውኃውን ራሳቸው እየቀዱ። ሰኔ ላይ ወደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለፈተና ስትሄድ ሻንጣዋን ከእናቷ ጋር ሆነን ነው የሞላነው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ብርድ ልብስ፣ ሞዴስ፣ የተቀረጹ እርሳሶች፣ ላጲስ። እናቷ ጫፉ ላይ ትንሽ ቡና ሊጨምሩ ሲሉ ልጅቱ «እማዬ፣ እሱ ይቅር፤ ማታ መተኛት አለብኝ» አለቻቸው።